የሰማያዊው ሙጫ መሐላ

ቆርቆሮውን የሚሸከም ሰው ስለጠፋ፣ ወጋየሁ የተከሰሰበትን ዕቃ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል።

የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ የሱፍ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ደግሞ የበግ ኩላሊት የምታህል ድንጋይ አለች። ወጋየሁ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እስከ አፉ የሞላ የፈላ ውሃ እንደያዘ ሰው፣ መርገጫውን እየመረጠ ይራመዳል። በሃያ እርምጃ ርቀት ሁለት ታጋዮች ክላሻቸውን ወደ ጀርባው አዙረው ይከተሉታል። ከታጋዮቹ ኋላ በሃምሳ እርምጃ የሰፈሩ ሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ ሃምሳ አለቃ ገብረ መድኅን ይመጣል፤ ከሃምሳ አለቃው ኋላ ሰፈሩ። ሰፈሩ ማለት ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም እግር ያለው ፍጡር በሙሉ፣ ሁለት አንካሳ ውሻ ጨምሮ። በወጋየሁና በሕዝቡ መካከል የቀረው ባዶ መንገድ አውሮፕላን ያሳርፍ ነበር።

«ወጌ፣ ቀኝህን ጠብቅ፣ ድንጋይ አለ» የሚል ድምፅ ከቦዩ ውስጥ ይመጣል። ሚስቱ ውብነሽ ናት። ታጋዮቹ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሰዋት፣ ሦስቴም በቦዩ ዞራ አጠገቡ ደርሳለች።

«ተመለሽ አልኩሽ።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስትደናቀፍ ነው የማውቅህ። ዛሬ ከተደናቀፍክ ሁላችንም አለቀልን።»

ከቤቱ እስከ ቀበሌው አዳራሽ ቢበዛ ሦስት መቶ ሜትር ነው። በዚያ ቀን ግን ከሞያሌ ይርቅ ነበር፤ ወጋየሁ ደግሞ ሞያሌን በመንግሥት ላንድሮቨር ሃያ ጊዜ ስለተመላለሰበት ማወዳደር ይችላል።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ፍንዳታው በሆነ በአራተኛው ቀን። ግንቦት ሃያ ታጋዮቹ ከተማዋን ያዙ። በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የነፋስ ስልኩ የጥይት መጋዘን ጋየ። በዚያ ጠዋት ፀሐይ ሁለት ጊዜ ወጣች፤ አንዴ ከነፋስ ስልክ፣ አንዴ ከምሥራቅ፣ የምሥራቋ ደግሞ አፍራ ቶሎ ደመና ውስጥ ገባች። ጣሪያ እንደ ጋዜጣ እየተገለበጠ ሄደ። ሰው የተኛበትን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወደ ጀሞ ማሳ፣ ወደ ፉሪ ሜዳ ሸሸ። ፉሪ ላይ የአንድ ቤት የበር እጀታ ወድቆ ተገኘ፤ በሩ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ብዙ ሰው ሞተ። የወጋየሁ ጎረቤት የማሚቴ ወንድም ከበበው አንዱ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፍንዳታ ሰምቶ ሰው ሊያወጣ ሮጦ፣ ሁለተኛው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የድስት ክዳን ሲወድቅ አልጋ ሥር ይገባል። ሃምሳ አለቃ ገብረ መድኅን ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በድምፅ ማጉያ እየዞረ አንድ ነገር ለፈፈ፤ «የማታውቁትን ዕቃ አታንሡ። ያነሣችሁ ካላችሁ አትጣሉት፤ ባላችሁበት ቁሙ።» ሕዝቡ ይህን ቃል ከአባታችን ሆይ በላይ በቃሉ ያዘው።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ወጋየሁ ምን ሆኖ ነው? ፍንዳታው ቁም ሣጥኑን ጥሎበት ነበርና፣ የሸሸጋት ድንጋይ ተሰነጣጥቃ እንደሆነ ሊያይ ወደ ጓሮ ይዟት ወጣ። ካልሲውን ገልጦ በመዳፉ ወደ ፀሐይ አነሣት። ማሚቴ ከአጥሩ ወዲያ የሐዘንተኛ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ልብስ ልታሰጣ ቆማ ነበር። አየችው። እንዳየችውም አልጮኸችም፤ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወጥታ ወደ ኮሚቴው ሄደች።

አዳራሹ በር ላይ የተማረከ ካሚዮን ቆሟል። በላዩ አሥራ አንድ ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። «ለማጣራት» የሚወሰዱ ናቸው። ካሚዮኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ይነሣል። የት እንደሚያደርሳቸው የሚያውቅ የለም፤ ባለፈው ረቡዕ ከሄዱት ዘጠኝ ሰዎች ገና አንዱም አልተመለሰም። ወጋየሁ በአጠገቡ ሲያልፍ ሳያስበው ቆጠራቸው። ለአሥራ ሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታ፣ ከኋላ በኩል፣ ልክ የእሱን ትከሻ የሚያህል፣ ባዶ ነበር።

አዳራሹ ጨለማ ነው። መስኮቱ ሁሉ ረግፎ በእንጨትና በቆርቆሮ ተመትቷል፤ መብራትም ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ፋኖስ ይነዳል። ከፋኖሱ ኋላ የታጋዮቹ መሪ ተቀምጣለች። ሴት ናት፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ ጎፍሯል፣ ቁምጣ ለብሳለች፣ እግሯ ላይ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ፣ ወገቧ ላይ ነጠላ፣ ጉልበቷ ላይ ጠመንጃ። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

«ጓድ ሰብሳ...» አለ ሃምሳ አለቃ ገብረ መድኅን፤ የዱሮው አጠራር አምልጦት ደርቆ ቀረ። ኦጋዴን ላይ ብቻውን አንድ ታንክ ማርኬያለሁ የሚል ሰው ነው፤ ታንኩ በየዓመቱ እየተዋለደ ዘንድሮ ሰባት ደርሷል። «ታጋይ ትሩፋት ማለቴ ነው። ተከሳሹ ቀርቧል።»

«አስቀምጠው። ክፈተው» አለች ወጋየሁን።

ወጋየሁ ክዳኑን ሲያላቅቅ ሰባቱን ታንክ የማረከው ጀግና ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የግድግዳ ሥዕል መሰለ።

«ከሳሿስ?»

«እኔ ነኝ» አለች ማሚቴ ከበሩ። ድምፅዋ ለአራት ቀን በማልቀስ ሻክሯል።

«ምን አየሽ?»

«እሳት። ሰማያዊ እሳት፣ መዳፉ ላይ። እንደ ቡታጋዝ ያለ ሰማያዊ። እጁን ግን አያቃጥለውም።»

ትሩፋት ወደ ወጋየሁ ዞረች። «ሰማያዊ ነገር አለህ?»

በዚህች ጥያቄና በመልሱ መካከል ምናልባት ሦስት ትንፋሽ ያለፈ ይሆናል፤ ለወጋየሁ ግን መንግሥት ሁለቴ የሚለዋወጥበት ጊዜ ነበር። ድንጋይዋን ያስያዘው ዶክተር እስጢፋኖስ ነው፤ ወጋየሁ ሹፌሩ ሆኖ በሰሜን ሸዋ ገደላ ገደል ማዕድን ሲፈልግ የኖረ ሰው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት «ይቺን ያዝልኝ፣ ስብሰባ ጠርተውኛል» ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሰጠው። ከስብሰባው አልተመለሰም። ያን ጊዜ ወጋየሁን ጠርተው ዶክተሩ የሰጠህ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አለ። የለም በማለቱ ዛሬም በሕይወት አለ። ሌላ የተማረው የመዳኛ ዘዴ አልነበረውም።

«የለም» አለ።

ድንጋይዋን ከካልሲው አውጥቶ ፋኖሱ አጠገብ ያዛት። ማር ነበረች። የጠራ የጫካ ማር፣ ብርሃኑ በውስጧ አልፎ ጣቶቹን አቀላቸው። ቅንጣት ሰማያዊ የላትም።

«ይኸው። ቢጫ አይደለች? የዛፍ ሙጫ ናት፣ ከመስክ ያመጣኋት ማስታወሻ። ሀና ማርያምን! ሰማያዊ ነገር ቤቴ የለም።»

በአገር መሐላ ማለ። ቤተ ክርስቲያኗ ከአዳራሹ ጀርባ ናት፤ በሩ ክፍት ቢሆን ጉልላቷ ይታያል።

«እኔ ግን አይቻለሁ» አለች ማሚቴ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። «ታጋይ፣ ማሚቴ ሐዘንተኛ ናት። ወንድሟን ከቀበረች ገና ሦስት ቀኗ ነው። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ፤ የሌለ ነገር ብታይ አይፈረድባትም።»

ሃምሳ አለቃው ከግድግዳው ተላቀቀ፤ አደጋ የሌለ ሲመስል ፈጥኖ የሚደርስ ሰው ነው። «የሐሰት ወሬ ነዝቶ ሕዝብ ማሸበርም ያስጠይቃል» አለና መዝገቡን ገለጠ፤ የካሚዮኑ ስም ዝርዝር ያለበትን ገጽ። «ማሚቴ ማን ልበል? የአባት ስም?»

ወጋየሁ ያን ጊዜ ምን እንደሠራ ገባው።

ማሚቴ የአባቷን ስም በመንገር ፈንታ ወደ ጠረጴዛው መጣች፣ ድንጋይዋን ከወጋየሁ መዳፍ ቀማች፣ ዞራም በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች።

የአምስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ናት። ማሚቴ ሦስት እርምጃ ሄዳ፣ እጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ መዳፏን ከፈተች። በጥቁር ልብሷ ላይ ድንጋይዋ ነደደች። ሰማያዊ ማለት አይገልጠውም፤ ሰማዩ ራሱ በዚያ ሰዓት ከእሷ ተበድሮ የለበሰ ይመስል ነበር። ዳር ዳሯን ማር፣ ፊቷን የሚንቀለቀል ሰማያዊ፤ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው።

ሕዝቡ ተነነ። ከዚያ ሁሉ ሰው ሜዳው ላይ የቀረው አርባ ያህል ነጠላ ጫማና አንድ ጃንጥላ ነበር። ካሚዮኑ ላይ ያሉት አሥራ አንዱም በአንድነት ተጎነበሱ፤ ሹፌሩ ማንም ሳያዝዘው ሞተር አስነሥቶ መቶ ሜትር አፈገፈገ። ከየቦዩ፣ ከየአጥሩ ሥር ዓይን ብቻ ይታያል።

ማሚቴ ግን አልሸሸችም። መሸሽ አልቻለችም። ያነሣችሁ አትጣሉ፣ ባላችሁበት ቁሙ የተባለውን ሕግ እያከበረች ቆመች።

«ጋሽ ወጋየሁ» አለች ዞር ሳትል። «ልጣለው?»

«አትጣዪው» አለ ወጋየሁ ከደጃፉ። ከወደቀች እንደ መስታወት ትከሰከሳለች ብሎ ነው። ከቦዩ ውስጥ ግን «ወይኔ፣ አትጣዪው አለ» የሚል ሹክሹክታ እንደ ሰደድ ተዛመተ፤ ሃምሳ አለቃውም ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ንስሐውን ጀመረ።

ወጋየሁ ወደ ማሚቴ ሄደ። ስምንት እርምጃ። ከጀርባው ትሩፋት ጠመንጃዋን ስታቀባብል ሰማ፤ ያቺ ቀጭን የብረት ድምፅ በአከርካሪው ላይ ከላይ እስከ ታች ተራመደች። ሄደ። መዳፉን ከማሚቴ መዳፍ ሥር አደረገ።

«ልቀቂያት። ያዝኳት።»

«ሰማያዊ ናት አይደል?» አለች በጆሮው። ከፍርሃቷ ይልቅ ይህን ነበር ማወቅ የፈለገችው።

«ሰማያዊ ናት» አለ። ከዚያም ዞሮ፣ ቦዩ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ዋሽቻለሁ» አለ።

ትሩፋት የጠመንጃዋን አፈሙዝ ደረቱ ላይ አድርጋ መጣች። «አሁን እውነቱን። አሳጥረህ።»

አሳጥሮ መናገር ለወጋየሁ ከመሞት የማይተናነስ ነገር ቢሆንም፣ ዶክተሩ ገደል ውስጥ ድንጋይዋን በጥቁሩ መለዋወጫ ጎማ ላይ አስቀምጦ ያስተማረውን አንድ በአንድ አወጣው። ዛፍ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል፤ ቁስሉን የሚያሽግበት ነው። ሙጫው አፈር ውስጥ ይገባል፣ ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ ደለል ይጫነዋል። ከዚያ ሚሊዮን ዓመት ይተኛል፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ሚሊዮን። የሚተነው ተንኖ ያልቃል፣ የቀረው በምድር ሙቀትና ክብደት እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። አምበር የሚሉት ያንን ነው።

«ሰማያዊውስ?»

«ቀለም አይደለም። ውስጡ ያለ ነገር፣ እኛ የማናየውን የፀሐይ ጨረር ይውጥና ሰማያዊ አድርጎ ይተፋዋል። ፋኖስ ያ ጨረር የለውም፤ ለዚህ ነው እዚያ ቢጫ የሆነችው። ያ ነገር ከየት እንደገባባት አንዳንዱ ከጥንት የደን ቃጠሎ ነው ይላል። እርግጡን የሚያውቅ ገና የለም ብሎኛል።»

«ማን ነው ያለህ?»

ለስድስት ዓመት ያልወጣ ስም ወጣ። «ዶክተር እስጢፋኖስ። የወሰዱት።»

ትሩፋት ድንጋይዋን አየች፣ ፀሐይዋን አየች። «ቅድም በቤተ ክርስቲያን ምለህ ቢጫ አልክ። አሁን ሳትምል ሰማያዊ ትላለህ። ምንህን ልመን?» ጥቂት አሰበች። «ሙጫ ይነዳል?»

«ይነዳል።»

«ለኩሰው።»

ወጋየሁ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ ክብሪት አወጣ። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው፣ እስካሁን ያየው ሁሉ የእሱ መልእክተኛ ነበር። ሙጫ መሆኗን በምን ያውቃል? ዶክተሩ ስላለ። ዶክተሩ ቢሳሳትስ? የወሰዱትስ በዚህች ምክንያት ከሆነ? ስድስት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ራስጌ አስተኝቷት የኖረው ምን ነበር? ውብነሽ ከቦዩ ውስጥ ቀና ብላ ታየዋለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ። የሁለተኛው ጭንቅላት ረገፈ።

ትሩፋት ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። «ፈንጂ የሚነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ» አለች። «እጃቸው እንዲህ አይንቀጠቀጥም።»

«እኔ ሹፌር ነኝ፣ እህቴ።»

«ብትፈነዳም ትቼህ አልሄድኩም። ጫር።»

ሦስተኛው ያዘ። ነበልባሉን ወደ ድንጋይዋ ጥግ አስጠጋ። ጥጓ ላበች፣ አረፋ ደፈቀች፣ ጥቁረት ያዛት፤ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። እርጥብ ጽድ ሲፈለጥ የሚሸት ነገር ሸተተ፤ ሰው ገና ሳይፈጠር የቆሰለ ዛፍ በላፍቶ ሜዳ ላይ እንደገና ሸተተ።

ከዚያ ድንጋይዋ «ጧ» አለች።

በውስጧ ታፍና የኖረች የአየር ጠብታ ናት፤ ከጤፍ አትበልጥም። ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም ግን ሰው ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። ወጋየሁ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣውን ጠበቀ። አንድ የወደቀ ጃንጥላ በነፋስ ሲንከባለል ተሰማ። ሌላ የመጣ ነገር አልነበረም። ዓይኑን ሲከፍት ትሩፋት እንደ ቁጢጧ ነበረች፤ አፍንጫዋን ወደ ጭሱ አስጠግታለች።

«በረሃ ላይ እንዲህ የሚሸት ዛፍ ነበረን» አለች። ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «ሙጫ ነው።»

ወጋየሁ ሊነሣ ሲል ቀድሞት የተነሣው ሃምሳ አለቃ ገብረ መድኅን ነው፤ የሱሪውን አቧራ እያራገፈ፣ መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። «መፈንዳቱስ ባይፈነዳም፣ በኮሚቴ ፊት በሐሰት ምሏል። ክሱም እንደተመዘገበ ነው። ከሳሿ በጣቷ ፈርማ ካላነሣችው፣ በደንቡ መሠረት መሄዱ አይቀርም።»

ትሩፋት የእጅ ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። «ከሳሿ ትወስን» አለች።

ሰው ሁሉ ማሚቴን አየ። ከከበበው ቀብር ወዲህ ያን ያህል ሰው አይቷት አያውቅም። ካሚዮኑ ወደ ቦታው ተመልሶ ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ የወጋየሁን ትከሻ የምታህለው ቦታም ባዶዋን ናት።

«ማሚቴ...» ብላ ጀመረች ውብነሽ።

«ተይኝ፣ ውብዬ።» ማሚቴ ወጋየሁን ቁልቁል አየችው። «ስለ ወንድሜ የተናገርከውን መልስ።»

«ማሚቴ ያየችው እውነት ነው» አለ ወጋየሁ። «ሐዘን አላሳታትም። እኔ ፈርቼ ነው። ከበበውን የነካሁት ፈርቼ ነው።»

ማሚቴ ድንጋይዋን ተቀብላ አዳራሹ ውስጥ ገባች። በፋኖሱ አየቻት። ወጣች፤ በፀሐይ አየቻት። እንደገና ገባች። እንደገና ወጣች። የካሚዮኑ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ፤ ትሩፋት ሳትዞር እጇን አነሣች፣ ጡሩምባው ተቆረጠ። ማሚቴ ለሦስተኛ ጊዜ ገብታ ወጣች። በሕይወቱ ብዙ መንገድ የነዳው ወጋየሁ፣ ያቺ ሴት በዚያች ደጃፍ የተመላለሰችውን ያህል ረጅም መንገድ አይቶ አያውቅም።

«የዕቃው ቀለም የሚል አለ እዚህ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ እርሳሱን በምራቁ አርሶ። «ምን ልጻፍ?»

«በፋኖስ ቢጫ፣ በፀሐይ ሰማያዊ ብለህ ጻፍ» አለች ማሚቴ። ከዚያ አውራ ጣቷን በተቃጠለችው ጥግ ላይ አሻሸች። «ይቺ የጠቆረችው ግን ውስጥም ውጭም ያው ናት። እሷንም ጻፍ።»

ጻፈ። ማሚቴ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ መዝገቡ ላይ አሳረፈች፤ ጣቷንም በጥቁር ልብሷ ጠረገች። ካሚዮኑ አሥራ አንዱን ይዞ ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በወጋየሁና በሕዝቡ መካከል ባዶ መንገድ አልነበረም። ውብነሽ ክንዱን ይዛዋለች፤ ሰዉ ቆርቆሮውን ሊነካ ይጋፋል፣ ሃምሳ አለቃው እሳቱን እንዴት እንዳዘዘ ገና ከአሁኑ ያወራል። ማሚቴ ብቻ ሃያ እርምጃ ቀድማ ትሄድ ነበር። ወጋየሁ ሊደርስባት ይችል ነበር፤ እርምጃውን ግን አልጨመረም።